«አስክ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግሥና ስለ ቤተ ዘመዶቹ



በአማርኛችን «ጠየቀ» የሚለው ግሥ ብዙ ሸክም ተሸክሞ የሚኖር ነው። ተማሪ መምህሩን ይጠይቃል፤ ሠራተኛ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ዳኛ ምስክርን ይጠይቃል፤ ጎረቤት የታመመ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ሥራውም ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል እንላለን። እንግሊዞች ግን ይህን ሁሉ በአንድ ግሥ ላይ አልጫኑትም። ከእኛ ወገን በእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው መዝገበ ቃላት ገልጦ በ«ጠየቀ» አንጻር የተደረደሩትን ቃላት ባየ ጊዜ፥ ሁሉም አንድ ስለሚመስሉት ረዘም ያለውን መርጦ ይጽፋል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የሁሉም አውራ «አስክ» ነው። ይህ ቃል ከጥንት ጀምሮ የእንግሊዞች የገዛ ቃላቸው ነው። ቀድሞ ብዙዎች «አክስ» ይሉት ነበር፤ በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰርም እንዲሁ አድርጎ ጽፎታል። ዛሬ «አክስ» የሚለውን ሰው አላዋቂ የሚሉት ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ይመስለኛል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1066 ዓ.ም. ኖርማኖች እንግሊዝን ድል አድርገው በያዙ ጊዜ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥት ቋንቋ ሆነ፤ ላቲንም የሊቃውንት ቋንቋ እንደ ሆነ ቆየ። ስለዚህ በ«አስክ» አጠገብ ከፈረንሳይኛ «ኩዌስችን»፥ ከላቲን ደግሞ «ኢንተሮጌት» ተጨመሩ። የመጀመሪያው ከወዳጅ ጋር የሚነጋገሩበት ሲሆን፥ ሁለተኛው ጥርጣሬ ያለበት፥ ሦስተኛው በፖሊስ ፊት የተቀመጠ ሰው የሚመረመርበት ነው።

«አስክ» ራሱ አንድ ወጥመድ አለው። በአማርኛ «ሐኪሙን ጠየቀ» እንደምንል ሁሉ «ገንዘብ ጠየቀ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን ሊሰጠን የምንፈልገውን ነገር ስንጠይቅ «አስክ ፎር» ማለት ይገባል። «ፎር» ሳይኖር ሐኪሙን ቢሉ ጥያቄ አቀረቡለት ማለት ነው፤ «ፎር» ቢገባ ሐኪም ይምጣልኝ አሉ ማለት ነው። በሽተኛ ላለበት ቤት ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። «ሪኩዌስት» የሚለው የጨዋ ቃል ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ግሥ ሲሆን «ፎር» አይከተለውም፤ ስም ሲሆን ግን ይከተለዋል። በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ዘወትር የሚታየው ስሕተት ይህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልንጠነቀቅበት የሚገባን «ዲማንድ» ነው። በፈረንሳይኛ «ደማንዴ» ማለት በቀላሉ መጠየቅ ነው፤ ቁጣም ትእዛዝም የለበትም። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገረ በኋላ ግን ጠንክሮ፥ እምቢታን የማይቀበል ሰው በመብቱ የሚጠይቅበት ሆነ። በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ፈረንሳይኛ ዋናው የውጭ ቋንቋ እንደ ነበረና ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ስፍራውን እንግሊዝኛ እንደ ወሰደው ይታወቃል። ፈረንሳይኛን አስቀድሞ የተማረ ሰው «ደማንዴ»ን ወደ እንግሊዝኛው ይዞ ቢሻገር ሊፈረድበት አይገባም፤ ነገር ግን ሥራ ፈላጊ ሆኖ በማመልከቻው ላይ «ዲማንድ» ቢጽፍ፥ ደብዳቤውን የሚቀበለው እንግሊዛዊ ሹም ትሑቱን ሰው ሥራ ካልሰጣችሁኝ ብሎ እንደሚያስገድድ ሰው ይቈጥረዋል።

በተገላቢጦሹም ለስላሳ መስሎ የሚያታልል አለ፤ እርሱም «ሪኳየር» ነው። በኦፊሴል ደብዳቤ ላይ «ሪኩዌስትድ» ተብሎ የተጻፈለት ሰው በትሕትና ተለምኗል፤ «ሪኳየርድ» የተባለው ግን ታዟል፤ ቢቀር ይጠየቅበታል። ሁለቱንም «ተጠይቀሃል» ብሎ የተረጐመ ሰው በቀጠሮው ቀን በቤቱ ተቀምጦ ሊውል ይችላል። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላል» የሚል ፈቃድ፥ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተወስዶ ነገሩ እስከ ዓድዋ እንደ ደረሰ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

«ቤግ» መለመን ነው፤ ዛሬ ከለማኝ ሌላ በይቅርታ ቃል ውስጥ ይገኛል። «ኢንኳየር» ወሬ ወይም ዋጋ ማጠያየቅ ነው፤ ገንዘብ አይለመንበትም።

የታመመ መጠየቅ ቀርቷል። እንግሊዞች «አስክ አፍተር» የሚሉት ለዚህ የቀረበ ነው፤ ሆኖም ስለ ሰውየው ደኅንነት ሌላውን ሰው መጠየቅ ስለ ሆነ፥ በሽተኛው ቤት ሳይደርሱ በመንገድ ላይም ይፈጸማል። የእኛ ጥየቃ ግን በእግር ሄዶ ከአልጋው አጠገብ መቀመጥን ይሻል፤ ለዚህ የሚስማማው «ቪዚት» ነው። ስለዚህ እናቱ ታማበት ፈቃድ የሚሻ ጸሐፊ እናቴን «አስክ» ላድርግ ብሎ ቢጽፍ፥ አለቃው «ምን ሊጠይቃት ነው?» እያለ ያስባል እንጂ እናቲቱ መታመሟን ከቃሉ አይረዳም።