ስለ አዲስ አበባና ጎረቤቶቿ የውሃና የቆሻሻ ሂሳብ



እንደሚታወቀው አዲስ አበባ ውሃ የምታገኝባቸው የለገዳዲ፣ የድሬና የገፈርሳ ግድቦች ከአስተዳደር ወሰኗ ውጭ፣ በኦሮሚያ መሬት ላይ ይገኛሉ። በአንጻሩ የከተማዋ ፍሳሽ የተቀላቀለበት የአቃቂ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ የደቡቡን ገበሬ አትክልት ያጠጣል። ሰጪና ተቀባይ እንዲህ ተሳስረው ሳሉ ሂሳባቸውን በአንድነት ተቀምጠው አለመተሳሰባቸው ብዙ አስከፍሏል።

ሰንዳፋን እንውሰድ። ከለገዳዲ ብዙም በማይርቀው በዚህ ሥፍራ፣ ማለትም ውሃው በሚመጣበት አቅጣጫ፣ ለከተማዋ ደረቅ ቆሻሻ ዘመናዊ ማከማቻ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ገበሬዎቹ ተቃወሙ፤ ማከማቻውም ጥቂት ወራት ብቻ አገልግሎ ቆመ። ጭነቱ ወደ ረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ ወደሚለው አሮጌ ክምር ተመለሰ። ክምሩ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። የናዳው ምክንያት ይህ ብቻ ነው አልልም። ይሁን እንጂ የሰንዳፋው ግንባታ ያጣው ከሁሉ በፊት የባለመሬቱን ስምምነት ነበር።

ጥቅምን መካፈል ግን የሕልም እንጀራ አይደለም። በአሜሪካ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል አካባቢ ከተሞች በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት፣ ከንግድና ከኢንዱስትሪ ንብረት የግብር መሠረት ዕድገት 40 በመቶውን በጋራ ቋት ያኖራሉ፤ አቅመ ደካማው ከተማም የተሻለ ድርሻ ያገኛል። የመሬት ሥሪታችን ስለሚለይ እንዳለ አይቀዳም። ሆኖም ከውሃ ክፍያው ለተፋሰሱ ነዋሪ ድርሻ መመደብ ይቻላል። ወደፊት የማከማቻ ቦታ ጥናት ሲቀርብልንም፣ ከአፈር ምርመራው አስቀድመን የጎረቤቱን የስምምነት ሰነድ እንጠይቅ።