የቤት አቅርቦትና የቤት ዋጋ፤ የአዲስ አበባ ልምድ ለገዢና ለሻጭ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



በአዲስ አበባ ስለ ቤት መወደድ የማይነሣበት ስብሰባ የለም። ለመወደዱ ከሚሰጡት ምክንያቶች መካከል ሁለቱ ጎልተው ይሰማሉ። አንደኛው የደላላው ስግብግብነት ሲሆን ሁለተኛው የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ነው። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ነገር ግን በአንድ ዓይነት ንድፍ፣ በአንድ ዓይነት ሲሚንቶና ብረት የተሠሩ ሁለት የኮንዶሚኒየም ቤቶች አንዱ ልደታ፣ ሌላው ኮዬ ፈጬ በመሆናቸው ብቻ ዋጋቸው በእጅጉ የሚራራቀው ለምን እንደሆነ ሁለቱም መልሶች አያስረዱም። ልዩነቱን የሚያስረዳው ሰው ሊኖርበት በሚፈልገው በዚያው ስፍራ የሚገኘው ቤት ብዛት ነው። የቤት አቅርቦት እንደ ጤፍ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው በጭነት መኪና የሚጓዝ አይደለም፤ በተሠራበት መሬት ላይ ተተክሎ ይቀራል። ስለሆነም የቤት ዋጋ ጥያቄ በመጀመሪያ የአካባቢ ጥያቄ ነው።

ሀ. አቅርቦት እንዴት ይለካል?

አቅርቦት ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በከተማው ውስጥ የቆመው ቤት ሁሉ ነው። ዋጋን የሚወስነው ግን በዚያ ወቅት ለሽያጭ የቀረበው ጥቂቱ ነው። ለምሳሌ ያህል 3,000 ቤቶች ባሉበት አንድ ሰፈር 60 ቤቶች ለሽያጭ ቢቀርቡና በየወሩ 10 ቢሸጡ፣ የቀረበው ቤት የ6 ወር ስንቅ ይሆናል ማለት ነው። በአሜሪካ የቤት ገበያ ልማድ ከ5 እስከ 6 ወር የሚደርስ ስንቅ ለገዢም ለሻጭም ሚዛናዊ እንደሆነ ይቆጠራል። ፈላጊው በዝቶ በወር 20 ቤት መሸጥ ቢጀምር ስንቁ ወደ 3 ወር ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሻጩ ይጠብቃል፣ ገዢው ይቻኮላል፣ ዋጋውም ይወጣል። በእነዚህ 60 ቤቶች ላይ የተቆረጠውን ዋጋ ሰምተው የቀሩት 2,940 ባለቤቶች ሀብታቸው የጨመረ ይመስላቸዋል።

በዚህ ላይ የግንባታ ጠባይ ይታከልበታል። ከመሬት ዝግጅት እስከ ቁልፍ ርክክብ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ዛሬ የመጣ ፈላጊ ዛሬ ሊሠራለት አይችልም። ስለዚህም የፍላጎት ጭማሪ መጀመሪያ የሚታየው በዋጋ ላይ ነው፤ መሬትና መሠረተ ልማት በቶሎ የሚቀርብ ከሆነ ግን ቀስ በቀስ ወደ አዲስ ቤት ይለወጣል። የማይቀርብ ከሆነ በዋጋነቱ ይቀራል።

ለ. ከተማዋ የመጣችበት መንገድ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታ የመንግሥት ከማድረጉም በላይ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ወሰነ። ኪራይም ተቀነሰ። ለብዙ ተከራይ ፋታ መስጠቱ አይካድም። ይሁን እንጂ የተወረሱት ቤቶች በአብዛኛው ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ሲሆኑ፣ የቀበሌው ኪራይ ለጥገና የማይበቃ በመሆኑ ቤቶቹ እያረጁ ሄዱ። ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ ሰው ባልነበረበት ዘመን የከተማዋ ሕዝብ ማደጉን አላቋረጠም። ያረጀ ቤት ከአቅርቦት የሚቀነስ መሆኑን ከዚህ ዘመን መማር ይቻላል።

በኋላ በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ሥርዓት ተጀመረ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ተጠናከረ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሻጭ የሚሸጠው ሕንፃውን ነው። ነገር ግን በአንድ ያረጀ የጭቃ ቤት ላይ የሚጠየቀውን ዋጋ የሚያይ መሐንዲስ፣ የዕቃውንና የጉልበቱን ወጪ አስልቶ ሲቀንስ የሚተርፈው ገንዘብ የስፍራው ዋጋ መሆኑን በቀላሉ ይረዳል። የተዘጋጀ መሬት በጥቂቱ በወጣ ቁጥር ይህ ትርፍ ይወፍራል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የተቀናጀ የቤቶች ልማት መርሐ ግብር በአገሪቱ ታሪክ ትልቁ የአቅርቦት ሙከራ ነው። በብሎኬትና አስቀድሞ በተዘጋጀ የወለል አካል ወጪን በመቀነስ፣ በአነስተኛ ተቋራጮችም በማሠራት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ቆሙ። ሆኖም በዚያው ዓመት የተመዘገበው ፈላጊ ከ450 ሺህ በላይ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚባሉ ዘርፎች ሲከፈት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ። በ2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ለሆኑ ቤቶች ዕጣ በወጣ ጊዜ ከባለዕጣዎቹ መካከል በ1997 ዓ.ም. የተመዘገቡ ይገኙባቸው ነበር። ያ ዕጣ ተሰርዞ በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጥቷል። በተመዘገበበት ዓመት የተወለደ ልጅ ያለው ቤተሰብ ልጁ 17 ዓመት ሞልቶት ዕጣ ሲጠብቅ ነበር ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት የከፈለው ኪራይ በየትኛውም የቤት ዋጋ ሰንጠረዥ ላይ አይታይም፤ የአቅርቦት እጥረት ዋጋ ግን እርሱው ነው።

ሐ. ሕንፃ መቼ ቤት ይሆናል?

በሙያው ዘንድ አንድ ሕንፃ የሚቆጠረው አርማታው ሲያበቃና ልስኑ ሲጠናቀቅ ነው። ገበያው ግን እንዲህ አይቆጥርም። ውሃ በግፊት ማነስ 4ኛ ፎቅ የማይደርስበት፣ ትራንስፎርመር ያልተተከለለት፣ ፍሳሹ መውጫ ያጣ ሕንፃ ለነዋሪው ገና ቤት አይደለም። ዕጣ ወጥቶላቸው፣ የባንክ ዕዳ መክፈል ጀምረው፣ ውሃና መብራት እስኪገባ ድረስ በኪራይ ቤት የቆዩ ሰዎች በሁለት በኩል ከፍለዋል። ባዶ ሆኖ የቆየው ቤትም የአንድም ፈላጊ ቦታ ሳይሞላ በሪፖርት ላይ በአቅርቦትነት ተቆጥሯል። በ2011 ዓ.ም. ዕጣ የወጣባቸው የኮዬ ፈጬ ቤቶች በከተማዋና በኦሮሚያ ክልል መካከል በነበረው የወሰን ጥያቄ ምክንያት ርክክባቸው መዘግየቱ ደግሞ፣ ግድግዳና ጣሪያ ብቻውን አቅርቦት እንደማይሆን በሌላ በኩል ያሳያል።

ርቀትም እንዲሁ ነው። ሥራው መሐል ከተማ ለሆነ ሰው ዳር ላይ የተሠራ ቤት በየዕለቱ የትራንስፖርት ገንዘብና ሰዓት ያስከፍለዋል። ስለዚህ ዳር ላይ የተሠራው ብዙ ቤት የመሐሉን ዋጋ የሚቀንሰው በጥቂቱ ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሲዛወሩም ሒሳቡ በየሰፈሩ መሠራት ይኖርበታል። አዲስ ከተሠራው ላይ የፈረሰው ካልተቀነሰ የአቅርቦት ቁጥር አይሞላም።

መ. ለገዢና ለሻጭ የሚያስከትለው

አቅርቦት ባነሰበት ገበያ ገዢው ምርጫውን ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄውንም ያጣል። ስንጥቅ እያየ ዝም ይላል፤ ካርታው ሳይጣራ ቀብድ ያስይዛል፤ ገና መሠረቱ ላልወጣ አፓርታማ አስቀድሞ ከፍሎ የገንቢው አበዳሪ ይሆናል። ገንቢው ቢዘገይ ወይም ቢከስር ጉዳቱ በአብዛኛው የሚያርፈው በገዢው ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ሊፍት፣ አሉሚኒየምና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ በብዛት ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ፣ ቤቱን ሳይረከብ የከፈለ ገዢ ይህ ጭማሪ በማን ላይ እንደሚወድቅ ከውሉ መፈለግ ግድ ሆነበት።

የብር አቅም በሚቀንስበት ጊዜ ሌላም ነገር ይከሰታል። ቤት ያለው ሰው ቤቱን እንደ ገንዘብ ማቆያ ስለሚያየው ከገበያ ያወጣዋል። ፈላጊው በበዛበት ሰዓት ለሽያጭ የሚቀርበው ይቀንሳል። ከላይ በምሳሌ የተጠቀሰው የ60 ቤት ስንቅ 30 ይሆናል።

ሻጩስ ይጠቀማል? ቤቱን በውድ የሸጠ ሰው በዚያው ከተማ የሚኖር ከሆነ በዚያው ገበያ ሌላ ቤት በውድ ይገዛል። በእርግጥ የሚያተርፈው ሁለተኛ ቤት ያለው፣ ከተማውን ለቆ የሚሄድ ወይም ወደ ዳር ለመውጣት የፈቀደ ነው። የቀረው ትርፉን በወረቀት ያያል፤ ልጆቹ ጎጆ ሲወጡ ደግሞ መልሶ ይከፍለዋል። ቤቱ በተላለፈ በ5 ዓመት ውስጥ እንዳይሸጥ በኮንዶሚኒየም ላይ የተጣለው ገደብም አትራፊ ነጋዴን ለመከላከል የታሰበ ቢሆንም፣ ለሽያጭ የሚቀርበውን ቤት ቀንሶ ብዙ ሽያጭ በውክልና እንዲካሄድ ምክንያት ሆኗል። በውክልና የተሸጠ ቤት ዋጋው በትክክል አይመዘገብም፤ ዋጋ የማይመዘገብበት ገበያ ደግሞ በወሬ ይመራል።

ሠ. ዋጋን መገደብና ብድርን ማስፋት

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜና በተቆጣጣሪው አካል በሚወሰነው ልክ እንዲሆን ደንግጓል። በቤት ውስጥ ላለው ተከራይ ይህ ትልቅ ዋስትና ነው። ገና ቤት ለሚፈልገው ሙሽራ ወይም አዲስ ሠራተኛ ግን አንድ ክፍል አይጨምርለትም። ብድርም እንዲሁ ነው፤ ቤቱ ሳይበዛ ብድሩ ቢሰፋ ገዢዎች በእጃቸው የበዛውን ገንዘብ ይዘው በዚያው ጥቂት ቤት ላይ ይሻማሉ።

በኒውዚላንድ የኦክላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 ከመኖሪያ ቦታዋ ሦስት አራተኛ በሚሆነው ላይ በአንድ ቦታ ብዙ ቤት እንዲሠራ ፈቀደች። የግንባታ ፈቃድ በብዙ ጨመረ፤ ኪራይዋም እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞች አልናረም። አዲሱ ቤት በብዛት የተሠራው መንገድና ውሃ ቀድሞ በደረሰበት በነባሩ ከተማ ውስጥ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ረ. ከሙያው የሚጠበቀው

የመሬትን ፖሊሲ መሐንዲስ ብቻውን አይወስንም። በእጁ ያሉት ነገሮች ግን ጥቂት አይደሉም።

1ኛ. የተጠናቀቀ ቤት ቁጥር ሲቀርብ ውሃ፣ መብራት፣ ፍሳሽና መንገድ ያገኘው ብቻ እንዲቆጠር፣ የፈረሰውም ተቀንሶ በየወረዳው እንዲገለጽ ማድረግ።

2ኛ. ዋናው የውሃና የፍሳሽ መስመር ከሕንፃው መሠረት ጋር በአንድ የሥራ መርሐ ግብር እንዲታቀድ፣ ካልሆነም እንዲቀድም መከራከር።

3ኛ. ሊጠገን የሚችለውን ነባር ቤት መርምሮ በጽሑፍ ማሳወቅ፤ የተጠገነ ቤት በርካሽ የተገኘ አዲስ ቤት ነውና።

4ኛ. በየሰፈሩ የተፈጸመ ሽያጭ ዋጋ፣ የሰው ስም ሳይጠቀስ፣ በየጊዜው እንዲታተም ሐሳብ ማቅረብ። ገዢና ሻጭ የሚያውቁት ዋጋ ደላላው ብቻ ከሚያውቀው ዋጋ ይሻላል።

የቤት ዋጋ ሲወጣ መሐንዲሱ ጣቱን ወደ ገበያው፣ ገበያው ወደ ሲሚንቶው ይቀስራል። ፊርማውን ያኖረበት የርክክብ ሰነድ ግን ከአቅርቦቱ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ነዋሪ ሊገባበት በማይችል ሕንፃ ላይ ተጠናቋል ተብሎ የሚፈረም እያንዳንዱ ሰነድ አንድ የሌለ ቤት በቁጥር ላይ ይጨምራል፤ የዚያን የሌለ ቤት ዋጋ የሚከፍለው ተራውን የሚጠብቀው ቤተሰብ ነው።