ኮክ ከዛፉ ከወረደ በኋላ
(ለገበሬዎች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ኮክ ነው። ኮክ በደጋና በወይና ደጋ በየጓሮው ይበቅላል። ዛፉ ሲያፈራ ደስ ይለናል። ገበያ ስናደርሰው ግን ፈርጦና ጠቁሮ ይገኛል። ገዢውም «ይኼማ አልቆለታል» ብሎ ዋጋውን ይጥለዋል። የዓመት ልፋት በአንድ ቀን መንገድ ይቀራል። ይህ ለምን ይሆናል?

ኮክ ከዛፉ ከተለየም በኋላ ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ትንፋሹ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ያን ጊዜ ቶሎ ይበስላል፤ ቶሎም ይበሰብሳል። እንግዲህ የኮክ ጠላቶች ሦስት ናቸው፦ ሙቀት፣ ቁስልና እርጥበት።

አንደኛ፣ ጠዋት ጤዛው እንደ ደረቀ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ልቀሙ። አረንጓዴው መልክ ወደ ቢጫ ሲያደላ፣ ፍሬው ገና ጠንከር እንዳለ ይለቀማል። ጥሬውን ከለቀማችሁት ይለሰልሳል እንጂ አይጣፍጥም። ዛፉን አትነቅንቁ። ፍሬውን በመዳፍ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ጠምዘዝ አድርጉት።

ሁለተኛ፣ የተለቀመውን ወዲያው ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። የወደቀውን፣ የተመታውን፣ ትል የገባበትንና የሻገተውን ለዩ። የአንዱ ፍሬ ሻጋታ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፤ ቅርጫቱን ሁሉ ያበላሻል። ዛፉ ላይ የደረቀውንና ሥሩ የበሰበሰውንም ሰብስባችሁ ቅበሩ፤ የከርሞው በሽታ ከዚያ ይነሣል። ኮኩን የምትበሉት ጊዜ እንጂ ቀድማችሁ አትጠቡት።

ሦስተኛ፣ በጆንያ አትጫኑት። የላዩ የታቹን ይጨፈልቀዋል። ቅርጫት ውስጥ ደረቅ ገለባ ጎዝጉዛችሁ ሁለት ወይም ሦስት ድርብ ብቻ ደርድሩ። በመንገድም ፀሐይ እንዳያገኘው ሸፍኑት።

ያልተሸጠውስ ምን ይሁን? ይደርቃል። ጤነኛውን አጥባችሁ ለሁለት ሰንጥቁ፤ ዘሩን አውጡ። ከመሬት ከፍ ባለ ንጹሕ ሰሌን ላይ አስጡት። ከዝንብና ከአቧራ በስስ ሻሽ ሸፍኑት። ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት። በእጅ ሲጫኑት ውሃ የማይወጣውና እንደ ቆዳ የሚተጣጠፍ ሲሆን ደርቋል ማለት ነው። በሚከደን ደረቅ ዕቃ ይቀመጣል።

በሚመጣው ገበያ አንዱን ቅርጫት በዚህ ዓይነት አዘጋጁ። ሌላውን እንደ ቀድሞው ውሰዱ። ምን ያህል እንደተበላሸና በስንት እንደተሸጠ በደብተራችሁ ጻፉ። መጻፍ የተማርነው ለዚህም ነው። ከእኔ ንግግር ይልቅ የራሳችሁ ሂሳብ ያሳምናችኋል።