«አላየሁም» ብላችሁ ጻፉ
በጭሮ፣ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ፣ ለባዮሎጂ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

  

አሥር ሳንቲም ይዤ መጥቻለሁ። ዛሬ ምንም አይገዛም። በአንድ ፊቱ አንበሳ አለ፤ ሲገለበጥ ቀንዱ የተጠማዘዘ እንስሳ ይወጣል፤ ደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ በኢትዮጵያም ቢሆን ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ባሉት ከፍታዎች ብቻ ነው የሚኖረው። አይቨር ቡክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ገድሎ ናሙናውን ወደ ሀገሩ ላከ፤ ሪቻርድ ሊደከር በ1910 የሳይንስ ስም አወጣለት። ከአፍሪካ ትልልቅ አጋዘኖች ሁሉ ሳይንስ መጨረሻ ላይ ያወቀው እሱን ነው። የደጋው እረኛ ግን ቡክስተን ሳይወለድ ያውቀው ነበር።

ይህ እንስሳ ከዚህ አዳራሽ ሩቅ አይደለም። ከናንተ ብዙዎቹ በመስክ ትምህርታችሁ ወደ ኩኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠለያ ወጥታችኋል። ዛሬ ጠዋት በር ላይ ሦስት ተመራቂዎች አግኝቼ «መስኩ እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዷ አንገቷን ደፍታ «ጋሼ፣ ምንም ሳናይ ነው የተመለስነው» አለችኝ። «ምን ጻፋችሁ?» አልኳት። «ምንም ስላላየን ምንም አልጻፍንም» አለች። ይዤው የመጣሁት ንግግር ሌላ ነበር። ከዚያች ልጅ መልስ በኋላ ግን ልናገር የምፈልገው ይህንኑ ብቻ ሆነ።

መጠለያው በተቋቋመበት ሰሞን፣ በ1980ዎቹ መግቢያ ላይ፣ እኔም ተማሪ ሆኜ እነዚሁ ተራሮች ላይ ወጥቻለሁ። ጭሮን ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። አሥራ አራት ነበርን። መምህራችን በአራት ቡድን ከፈሉን፤ ለየቡድኑ አንድ ስካውት፣ የመጠለያው ጠባቂ ማለት ነው፣ ተመደበ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ትራንሴክት የምንለው ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ትነሱና ሳታወሩ፣ በዝግታ ትሄዱበታላችሁ። እንስሳ ስታዩ ቆማችሁ ሰዓቱን፣ ርቀቱን፣ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን፣ ምን ሲያደርግ እንደነበር ትጽፋላችሁ። ኮቴ ካለ ትለካላችሁ። በጠጥ ካለ ጎንበስ ብላችሁ ትመረምራላችሁ፤ የደጋ አጋዘንን በጠጥ ከፍየል በጠጥ መለየት ዓይን እስኪለምድ ድረስ ያደናግራል።

ሦስት ቀን ሄድን። ጉም፣ ጥድ፣ ኮሶ፣ እንደገና ጉም። ድኩላ አንዴ ሰማን፤ አላየንም። በሦስተኛው ሌሊት ዝናብ ጣለ። በአራተኛው ቀን ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ ሌላ ቡድን አምስት ደጋ አጋዘን ማየቱን አወራ፤ አንዱ ወንድ ቀንዱ እንዲህ፣ አንገቱ እንዲያ እያለ። መምህራችን ደስ አላቸው። ወደኛ ዞረው «እናንተስ?» አሉ። ደብተሩ በእጄ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው አፍታ፣ በእሳቱ ብርሃን፣ «12፡50፤ ሁለት ሴት፤ በጉም ውስጥ፤ ወደ ላይ ሲሄዱ» ብዬ ጽፌ ነበር። ያንኑ አነበብኩ። ጓደኞቼ ከኋላዬ ይሄዱ ስለነበር ያየሁ መስሏቸው ዝም አሉ። ስካውቱም ዝም አሉ።

ውሸቴ አንድ መስመር ብቻ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ግን መምህራችን የሁሉንም ቡድን መስመር አጥፈው አሥራ አራታችንንም አየሁ ወዳልኩበት ሸንተረር ይዘውን ወጡ። ቀኑን ሙሉ የለም። ከሌላው ወገን ሊቆጠር የነበረው መስመር በዚያ ቀን ሳይቆጠር ቀረ። እኔ ያልነበረውን በመጻፌ የነበረው ሳይጻፍ ዋለ።

ስካውታችን በዕድሜ የገፉ፣ በዚያው በኩኒ አካባቢ ተወልደው ያደጉ ሰው ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ቤተሰባቸውን አላስፈቀድኩም። ሲመሽ ነጠል አድርገው ወሰዱኝና አየሁ ያልኩበት ቦታ ላይ አቆሙኝ። በእጃቸው ወደ መሬት እያመለከቱ፦

«ከትናንት በስቲያ ሌሊት ዘንቧል። ትናንት የረገጥክበት ይኸው። የኔም እግር ይኸው። የነሱስ የታለ?»

መልስ አልነበረኝም። የምቆጣቸው ወይም የምለምናቸው መስሏቸው መሰለኝ፣ ትንሽ ጠበቁኝ። ከዚያ ሳይቆጡ፣ ለልጅ በሚነገርበት ቃና እንዲህ አሉኝ፦

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የለም ብለህ ብትጽፍ፣ ለምን ጠፋ ብሎ የሚፈልግ ሰው ይመጣል። አለ ብለህ ከጻፍክ ግን ማን ይመጣል? ወረቀት ላይ እየኖረ ጫካ ውስጥ ያልቃል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ። ስለ ቆጠራ ስልት ከዚህ የበለጠ የተናገረ መጽሐፍ አላገኘሁም።

ሌሊቱን ወደ መምህራችን ድንኳን ሄጄ ተናገርኩ። አልጮሁም። እስክሪብቶአቸውን ሰጡኝ። «አትፋቀው፤ በአንድ መስመር ሰርዘው፤ የሰረዝከው ይነበብ። ከጎኑ እውነቱን ጻፍና ፈርም» አሉኝ። «አላየሁም» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ቀጥለውም «ላጲስ የያዘ ሰው መስክ አይውጣ» አሉኝ። ደብተሩ ዛሬም ከኔ ጋር ነው፤ ይኸው። መስመሩ ይነበባል።

ለምን ይህን ያህል አስረዘምኩት? ከዚያ በኋላ የሆነውን ስለማውቅ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ በየቦታው ጥበቃው ላላ። ደን ተመነጠረ፤ አውሬ ታደነ። ሙክታርም አልተረፈም። ማገዶ የሚፈልግ፣ ማሳ የሚፈልግ፣ ከመሬቱ ላይ በተነሳበት አኳኋን የተቀየመም ሰው ነበር፤ ሁሉንም ወንጀለኛ ማለት አይቻልም። በመጨረሻም ደጋ አጋዘን ከዚህ አካባቢ አልቋል የሚል ነገር ተጻፈ። ዓመታት አልፈው ደግሞ ተመራማሪዎች ወጥተው ፈለጉ፤ አለቀ የተባለውን እንስሳ አገኙት። ደስ ይላል። ግን እስቲ አስቡት፤ በመካከል ባሉት ዓመታት የሞተ ተብሎ የታመነ ነገር ማን ይጠብቀዋል? «የለም» የሚለው ቃል ስንት ቀን ተፈልጎ፣ በየትኛው መስመር፣ በስንት ሰዓት እንደተጻፈ ካልተመዘገበ፣ ከወሬ አይለይም። «አለ» የሚለውም እንዲሁ።

የባሌን ተመልከቱ። ዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ የሚባል ሜዳ አለ። ደጋ አጋዘኖቹ እዚያ ለዓመታት ተቆጥረዋል። በ1983 ማግሥት ቁጥራቸው ክፉኛ ሲወርድ ውድቀቱ የታወቀው፣ ኋላም ሲያገግሙ ማገገማቸው የታወቀው፣ ከዚያ በፊት የቆጠሩ ሰዎች ደብተር ስለነበራቸው ነው። ቀድሞ ያልተቆጠረ ነገር ሲቀንስ አይታይም።

የውኃውን ወገን ያጠናችሁም አትዘኑ። ባሕር የለንም፤ ሐይቅ ግን አለን። በጣና ያሉትን ባርበስ የሚባሉ ዓሣዎች ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ለየብቻ ስም እያወጣ ጻፋቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ባኒስተር የተባለ ሊቅ ናሙናዎቹን መርምሮ ሁሉንም እንደ አንድ ዝርያ ጠቀለላቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሊዮ ናግልከርከና ባልደረቦቹ ጣና ዳር ተቀምጠው፣ ከውኃው የወጣውን ትኩስ ዓሣ መልኩን፣ አፉን፣ የሚበላውን እያዩ ለኩ። 15 ዝርያ ነው ብለው ለዩት። ዓሣው አልተለወጠም። የተለወጠው ሰውየው የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ወደ ምሥራቅ ቁልቢን አልፋችሁ ስትሄዱ ሐረማያን ታገኛላችሁ። ወላጆች የሚያስታውሱት ትልቅ ሐይቅ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ደረቀ። ለመስኖ ተቀዳ፣ ለሐረር ከተማ መጠጥ ተሳበ፣ ከተራቆተው ተዳፋት አፈር ወረደበት። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውኃ ተመልሶበታል። ከዳርቻው ያደገ ልጅ «ድሮ እስከዚህ ድረስ ነበር» ይላል። «እስከዚህ» ስንት ሜትር ነው? በየዓመቱ አንድ እንጨት ተክሎ የሚለካና የሚጽፍ ሰው በየሐይቁ ያስፈልገናል። ለዚህ ዶክትሬት አያስፈልግም።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። የጥናት ወረቀት አነባለሁ፤ በየዓመቱ ይመጣልኛል። የአምናውን ሠንጠረዥ ወስደው ቁጥሩን ከፍ ዝቅ ያደረጉ አይቻለሁ። መኪና ውስጥ ሆነው በመስኮት የቆጠሩ አይቻለሁ። በስልክ ፎቶ አንስተው ቀኑንም ቦታውንም ያልጻፉ፣ ስልኩ ሲጠፋ ጥናቱ አብሮ የጠፋባቸው አሉ። ከሁሉም የሚያመኝ ግን ንጹሕ ደብተር ነው። ጭቃ ያልነካው፣ ስርዝ የሌለው፣ በየቀኑ እንስሳ የታየበት ደብተር ሳይ ያ እሳት ትዝ ይለኛል። እናንተ መምህራንም ይቅር በሉኝ፤ ብዙ ያየ ተማሪ ብዙ ነጥብ የሚያገኝ ከሆነ ውሸቱን ያስተማርነው እኛ ነን። በትክክል ሄዶ ምንም ሳያይ ለተመለሰና ያንኑ ለጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ስጡት።

ዩኒቨርሲቲውን አንድ ነገር እለምናለሁ። ጥናታችሁ በመደርደሪያ ይቀመጣል፤ ኩኒ ያለው ስካውት አያነበውም። ተራራው ሥር አንድ ትልቅ መዝገብ ይቀመጥ። በየዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው መስመር፣ ተማሪና ስካውት አብረው ይሂዱ፤ ያዩትንም ያላዩትንም በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፉ። የአካባቢው ሰው እንስሳውን የሚጠራበት ስም፣ የት ውኃ እንደሚጠጣ፣ በየትኛው ወር ወደ ታች እንደሚወርድ የሚያውቀው ይግባበት። አሥር ዓመት ሲሞላው ያ መዝገብ ከብዙ ጥናቶቻችን ይበልጣል። ስለዚህ ጉዳይ በሄድኩበት ሁሉ እናገራለሁ፤ መጠለያው ያለው አፍንጫችሁ ሥር ስለሆነ ግን እናንተን አብልጬ እለምናለሁ።

ወላጆች፣ አንዳንዶቻችሁ «ባዮሎጂ ተምሮ ምን ይሠራል? አውሬ ይቆጥራል?» ብላችሁ እንደምትጨነቁ አውቃለሁ። እናቴም ተጨንቃ ነበር። ግን እኮ እናንተም ቆጣሪዎች ናችሁ። ቡናው ስንት ፈረሱላ እንደሰጠ፣ ማሽላው በየትኛው ዝናብ እንደበቀለ፣ አምና ላሚቱ መቼ እንደወለደች ታስታውሳላችሁ። ልጆቻችሁ የናንተን ሥራ ነው በደብተር የያዙት። ያለው ሲጎድል አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው በየቀዬው ያስፈልጋል፤ አንዳንዶቹ መምህር፣ አንዳንዶቹ የግብርና ባለሙያ፣ አንዳንዶቹ የጤና ሠራተኛ ሆነው ይህንኑ ያደርጋሉ። በወባ መዝገብም ቢሆን ያልታየውን በሽተኛ ጽፎ የሚያድር ሰው መንደር ይጎዳል።

ጠዋት በር ላይ ያገኘሁሽ ልጄ፣ ከነጓደኞችሽ የት እንዳላችሁ አላየሁም፤ ድምፄ ግን ይደርሳችኋል። ጋዋኑን ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ወረቀት አምጡ። ቀኑን ጻፉ። ከየት ተነስታችሁ እስከ የት እንደሄዳችሁ፣ በስንት ሰዓት፣ ጉም እንደነበረ፣ ማን እንደመራችሁ ጻፉ። ከሥሩ «አላየንም» በሉና ሦስታችሁም ፈርሙ። ለመምህራችሁ ስጡት። ለኩኒ መዝገብ የመጀመሪያው ገጽ እሱ ይሁን።

የሄዳችሁበት ይቅናችሁ፤ ያያችሁትንም ያላያችሁትንም ለመናገር አፋችሁ አይያዝ። እንኳን ደስ አላችሁ።