ከጢያ ስንመለስ
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ነፋስ ስልክ የሚለው ስም ከምን እንደ መጣ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ቀድሞ በሰፈሩ የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነበረ፤ ሰውም ቃል ያለ ሽቦ ሲሄድ ሰምቶ ነፋስ ስልክ አለው። እኛም ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ከዚያው ሰፈር ተሰባስበን፥ ላኪው ያልታወቀ መልእክት ወደ ተቀረጸበት ስፍራ ሄድን። ይኸውም የጢያ ትክል ድንጋይ ነው።

መንገዱ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚወስደው ነው። መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ተሻግረን፥ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሶዶ ከምትገኘው ከጢያ ደረስን።

በስፍራው 36 ሐውልቶች ሲኖሩ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። ሰይፍ፥ ክብ ምልክት፥ ደግሞም ቅጠል የመሰለ ነገር ይታያል፤ ቅጠሉን እንሰት ነው የሚሉ አሉ። በቁፋሮ የሰው አፅም ተገኝቷል፤ ሙታኑ ጉልበታቸው ታጥፎ የተቀበሩ ናቸው። ሊቃውንት ዘመኑን ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ይገምቱታል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ባላገሩ ግን የግራኝ ድንጋይ ይለዋል። ከመካከላችን በዚህ የሳቁ ነበሩ፤ ኢማም አሕመድ የተነሡት በ16ኛው መቶ ዓመት ስለ ሆነ ሐውልቶቹ ይቀድሟቸዋልና። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ «እናንተ የተማራችሁትስ ልጆቼ፥ የማን ነው ትላላችሁ?» ብለው ሲጠይቁን ሁላችንም ዝም አልን። ስም ያወጣ ሰው ቢሳሳት እንኳ ጠይቋል። እኛ ግን ይህን ያህል ዘመን ስንማር፥ ከከተማችን ደርሶ መልስ ባንድ ቀን ስለሚታይ ነገር ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን «ሃይማኖታቸውን አናውቅ፥ ቋንቋቸውን አናውቅ፤ እንዴት አባቶቻችን እንላቸዋለን?» አለ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ስለ ላሊበላ ስንናገር ንጉሡን በስም እንጠራለን፤ በጢያ ግን የምንጠራው ስም የለንም።

እስቲ የሌላውን አገር እንመልከት። በጃቫ ደሴት ያለው ቦሮቡዱር በ9ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ ታላቅ የቡድሃ ሃይማኖት ሐውልት ነው። ከኢንዶኔዥያ ሕዝብ የሚበዛው ዛሬ እስላም ነው። ይህ ግን አላገዳቸውም፤ ከዩኔስኮ ጋራ ሆነው ድንጋዩን እየፈቱ አጥበው መልሰው ካቡት፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1983 ተፈጸመ። ያገር ልጅነት የራስን እምነት የመሰለውን ብቻ መጠበቅ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። የጢያ ሰዎች በዚህችው ምድር ኖረው፥ ሙታናቸውን በክብር ቀብረዋል። ለኛ ይህ ይበቃናል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ በዕረፍት ወራት ወደየአገራችን ስንሄድ፥ በየመንደሩ ስለ ቆመው ድንጋይ የሚነገረውን ከሽማግሌዎች ጠይቀን እንጻፍ። ተረት ነው ብለን አንናቀው፤ ታሪክ ነው ብለንም አንቀላቅለው። ሁለተኛ፥ መምህራኖቻችን የታሪክን ትምህርት ከክፍል አውጥተው እስከ ስፍራው ድረስ እንዲመሩን እንለምናለን።

የመልእክቱ ላኪዎች ካለፉ ብዙ መቶ ዓመታት ሆነ። ተቀባዩ ግን እኛ ነን፤ ሳንሰማው እንዳናልፍ።