የየቲም ልጅ የጨዋታ ሰዓት

(በሐራ ለለጋሾችና ለአሳዳጊ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

 



ስለ የቲም ስናወሳ አዘውትረን የምንቆጥረው እህሉን፣ ደብተሩንና የዒድ ልብሱን ነው። ተገቢ ነው፤ የተራበ ልጅ አይጫወትም። ዛሬ የምናነሳው ግን በመዝገብ የማይሰፍረውን ነው። ልጁ ይጫወታል ወይ? ይጠይቃል ወይ? ሲያዝንስ የሚያዳምጠው አለው ወይ?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው የቲም ነበሩ። አባታቸው እርሳቸው ሳይወለዱ ሞቱ፤ እናታቸውንም በ6 ዓመታቸው አጡ። አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ በካዕባ ጥላ ሥር ይነጠፍላቸው በነበረው ምንጣፍ ላይ፣ የገዛ ልጆቻቸው እንኳ በማይቀመጡበት፣ ከጎናቸው ያስቀምጧቸው እንደነበር የሲራ መጻሕፍት ያወሳሉ። እህል ከማጉረስ ባሻገር ለልጁ በሰው መካከል ቦታ ሰጡት። በኋላም ነቢዩ አቡ ዑመይር የተባለ ሕፃን የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ በሞተች ጊዜ፣ ስለ ወፊቱ እየጠየቁ አጫወቱት። በሱጁድ ሳሉ የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ሲወጣም እስኪወርድ ሱጁዱን አስረዘሙ። እርሳቸው ለአንዲት ወፍ ጊዜ ካገኙ፣ እኛ "ሥራ በዛብን" ማለታችን ምን ያህል ያስኬዳል?

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። በእኛ ቆላ ማሽላው ፍሬ ሲቋጥር ወፍ የሚጠብቁት ልጆች ናቸው። ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ያስጮኻሉ፤ ፍየል ያግዳሉ፤ ውሃ ይቀዳሉ። ሥራ ነውር አይደለም፤ ልጆችም በሥራው መካከል ጨዋታ ይፈጥራሉ። የሚያሳስበን በዘመድ ቤት የሚያድገው የቲም ነው። የቤቱ ልጆች ቅልብልቦሽና ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ተልኮ የሚሮጠው ሁልጊዜ እርሱ ከሆነ፣ ማንም ሳይነግረው እንግዳ መሆኑን ይረዳል። ቁርኣን የቲምን መጨቆንን ከልክሏል፤ እንዲህ ያለው አድልዎም ከዚያ የራቀ አይመስለንም።

የልጅ ጥያቄም እንዲሁ ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ እንዲደርስ ስለተወጠነው የባቡር መስመር ልጅ ቢጠይቅ ምን ይገርማል? ባቡሩ መቼ ይመጣል? ግመልስ ይጫንበታል? መልሱን ባናውቅ እንኳ "አንተስ ምን ይመስልሃል?" ማለት አያቅተንም። "ዝም በል" የተባለ ልጅ በሌላ ቀን ኀዘኑንም ይደብቃል።

የሚደበቀው ኀዘን ደግሞ ቀላል አይደለም። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያንና ሀብሩን ባዳረሰ ጊዜ ልጆች ብዙ አይተዋል፤ አባታቸውን ያጡም አሉ። ከእንዲህ ያለ መከራ በኋላ ልጅ ከእንቅልፉ ሊባንን፣ መኝታውን ሊያረጥብ፣ ከእናቱ ቀሚስ አልለይ ሊል ይችላል። ቀብር ወይም ተኩስ እያስመሰለ ሊጫወትም ይችላል። ይህን እንደ ድፍረት ቆጥሮ መምታት አይገባም፤ ልጅ በአንደበቱ መናገር የተሳነውን በጨዋታው ያወጣዋል። አጠገቡ ተቀምጦ "ከዚያስ ምን ሆነ?" ማለት ይበጃል። የአባቱንም ስም ከቤት አናጥፋ፤ መልካም ሥራውን እያነሣን አብረን ዱዓ እናድርግለት። ልጁ ለሳምንታት ጨዋታ ከጠላ፣ ምግብና እንቅልፍ ከራቀው ግን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ የአሳዳጊው አማና ነው።

ለጨዋታ ብዙ ገንዘብ አያሻም። ከመግሪብ በኋላ እራት እስኪደርስ እንቆቅልሽ መጠያየቅ ይቻላል። መልሱ የጠፋው ሰው "አገር ስጠኝ" ሲባል መርሳን ይሰጣል፤ ጠያቂው እምቢ ካለ ወልድያን ይሰጣል። እናት ምጣድ ላይ ሆና እንኳ የምትጫወተው ነው።

ለጋሾች ሆይ፣ ከዒድ ልብሱ ጋር አንዲት ኳስ ጨምሩ። ልጁን ስትጎበኙት ስለ ትምህርት ውጤቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ጓደኛው ማን እንደሆነ ጠይቁት። ስጦታውንም ልጆቹን በአደባባይ አሰልፎ ፎቶ ከማንሳት ይልቅ ለእናቱ ስጧት፤ ልጁ ከእርሷ እጅ ይቀበል።