ሽንፈት ያስተምራልን?

(አምደወርቅ ላይ ለንባብ ተከታታዮች የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ኳስ ነው። «ይህ ሁሉ ሥራ እያለ ስለ ኳስ ምን ያናግረናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን የኳስ ብቻ አይደለም። ሴቶች ልጆቻችን አደባባይ ወጥተው በተሸነፉ ጊዜ እኛ ቤት የቀረነው ምን እንላቸዋለን? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

እንበልና የአምደወርቅ ተማሪ ልጃገረዶች የቅርጫት ኳስ ቡድን አቋቋሙ። ሰቆጣ ድረስ ሄደው ብዙ ከተለማመደ ቡድን ጋር ተጋጠሙ። 50 ለ 10 ተሸነፉ። ሲመለሱ ሁለት ዓይነት ቃል ይጠብቃቸዋል። አንዱ፣ «በቃ! አዋረዳችሁን። ከእንግዲህ ውኃችሁን ቅዱ፤ እንጨታችሁን ልቀሙ» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «ግድ የለም፤ ሽንፈት ያስተምራል። ደጋግማችሁ ተሸነፉ፤ ኋላ ትበረታላችሁ» ይላል። ታዲያ የትኛው ነው ልክ? በእኛ አስተያየት ሁለቱም ልክ አይደሉም። ምክንያታችንን በምሳሌ እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ጨዋታውን እንወቀው

የቅርጫት ኳስን ያመጣው ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል መምህር ነው። ጊዜው 1884 ዓ.ም.፣ አገሩ አሜሪካ፣ ከተማው ስፕሪንግፊልድ ነበር። መምህሩ ሁለት የፍሬ መልቀሚያ ቅርጫቶች ወስዶ በአዳራሹ ግራና ቀኝ ከፍ አድርጎ ሰቀላቸው። ኳስ ቅርጫት ውስጥ በገባች ቁጥር አንድ ሰው መሰላል ወጥቶ ያወርዳት ነበር። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ብዙ ሳይቆይ በ1885 ዓ.ም. የኮሌጅ ሴቶች ይጫወቱት ጀመር።

ዛሬ በቅርጫቱ ፈንታ የብረት ቀለበት አለ። ከመሬት ያለው ከፍታ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ነው። ከአንድ ወገን 5 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ጨዋታው በአራት ክፍል ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል 10 ደቂቃ ነው። ኳስ በገባች ቁጥር ሁለት ነጥብ፣ ከሩቅ ከተወረወረች ሦስት ነጥብ ይቆጠራል። ስለዚህ ነጥቡ ቶሎ ይከማቻል። በእግር ኳስ 4 ለ 0 ከባድ ሽንፈት ነው። በቅርጫት ኳስ ግን ልዩነቱ ሠላሳም አርባም ሊደርስ ይችላል።

ሽንፈት ያልሰበራቸው

ከራሳችን አገር እንጀምር። የአፍሪካ ዋንጫ የእግር ኳስ ውድድር የተጀመረው በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ነው። በፍጻሜው ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ እንደገና ተገናኙ። ግብፅ እንደገና 4 ለ 0 አሸነፈች። ያን ጊዜ «ይብቃን፤ ከዚህ ቡድን ጋር ምን አገናኘን?» ቢባል ኖሮ ማን ይፈርድ ነበር?

ግን አልተባለም። በጥር 1954 ዓ.ም. ውድድሩ አዲስ አበባ ሆነ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። ኢትዮጵያ በመጀመሪያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። በፍጻሜው ያው የግብፅ ቡድን መጣ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ የእኛዎቹ ሁለት ጊዜ እኩል አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ግብ አስቆጠሩ። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። እርግጥ ነው፣ በገዛ ሜዳና በገዛ ሕዝብ ፊት መጫወት ትልቅ እገዛ ነው። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ሁለት ጊዜ በአራት ግብ የተሸነፈ ቡድን ተስፋ ቆርጦ ቢበተን ኖሮ የሚያግዘው ሜዳም ባላገኘ ነበር።

የሴቶች ቡድናችንም ታሪክ አለው። በመስከረም 1997 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ ኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዷ ነበረች። በግማሽ ፍጻሜው ናይጄሪያ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። ልጆቹ ግን ሻንጣቸውን ይዘው አላለቀሱም። ከጥቂት ቀን በኋላ ለሦስተኛ ደረጃ ከጋና ጋር ተጋጠሙ። ግብ ሳይቆጠርባቸው ጨዋታውን እኩል ጨርሰው የተሸነፉት በመለያ ምት ነው። አራተኛ ሆኑ።

አሁን ወደ ኮሌጅ ሴቶች ቅርጫት ኳስ እንሂድ። በአሜሪካ አገር ኢማኩላታ የሚባል ትንሽ የሴቶች ኮሌጅ ነበረ። ገንዘብ የለውም። የስፖርት አዳራሹ በእሳት ተቃጥሎበት ነበር። አሠልጣኟ ካቲ ረሽ ገና 24 ዓመቷ ነበር። በ1964 ዓ.ም. በአካባቢ ውድድር ፍጻሜ ዌስት ቼስተር ከሚባል ኮሌጅ ጋር ተጋጠሙ። 70 ለ 38 ተሸነፉ። ልዩነቱ 32 ነጥብ ነው።

ሆኖም ለአገር አቀፉ ውድድር ተመረጡ። ከ16 ቡድኖች መካከል የተሰጣቸው ግምት 15ኛ ነበር። የመጓጓዣ ገንዘብ ስላልበቃቸው የጥርስ ብሩሽ እየሸጡ አጠራቀሙ። ያም ሆኖ መሄድ የቻሉት ስምንት ተጫዋቾች ብቻ ናቸው። እየተጫወቱ ፍጻሜ ደረሱ። ፍጻሜው ላይ የጠበቃቸው ማን መሰላችሁ? ያው ዌስት ቼስተር ነው። ከዚያ ከባድ ሽንፈት ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ አልፎ ነበር። በዚህኛው ቀን ግን ኢማኩላታ 52 ለ 48 አሸነፈ። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመቶችም ዋንጫውን ወሰደ።

ሽንፈት ብቻውን አያበረታም

እስካሁን የተናገርነውን የሰማ ሰው፣ «እንግዲያው መሸነፍ ጥሩ ነው» ይል ይሆናል። ቆይ! ሌላም ወገን አለው።

በሰኔ 2011 ዓ.ም. በሴቶች የዓለም ዋንጫ የአሜሪካ ቡድን የታይላንድን ቡድን 13 ለ 0 አሸነፈ። ታይላንዶች በሚቀጥለው ጨዋታ በስዊድን 5 ለ 1 ተሸነፉ። ያችን አንዲት ግብ ባስቆጠሩ ጊዜ የቡድኑ መሪ በደስታ አለቀሰች። ከዚያ በቺሊ 2 ለ 0 ተሸንፈው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ለሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ ሲወዳደሩ በካሜሩን ተሸንፈው ቀሩ። አሥራ ሦስት ግብ መግባቱ በራሱ ያመጣላቸው ብርታት የለም።

ስለዚህ አንድ ነገር እንለይ። ሽንፈት ጉድለትን ያሳያል እንጂ ጉድለትን አይሞላም። መስተዋት ፊታችን ላይ ጥላሸት እንዳለ ያሳየናል። ጥላሸቱን የሚያጥበው ግን ውኃ ነው። መስተዋት ፊት ቀኑን ሙሉ ብንቆም ፊታችን አይጠራም።

ይህን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ወይፈን እንዴት ይገራል? ከለመደ በሬ ጋር ይጠመዳል። ከሌላ ወይፈን ጋር ብቻ ቢጠመድ ሁለቱም ፈር አያውቁም። የለመደው በሬ መሥመሩን ያሳየዋል። ግን ወይፈኑን በመጀመሪያው ቀን ከጧት እስከ ማታ ጠንካራ መሬት ላይ የሚያውል ገበሬ አለ? የለም። ትከሻው ይላጣል፤ ቀንበር ባየ ቁጥር ይሸሻል። ጥቂት ይታረስበታል፤ ይፈታል፤ ይበላል፤ ያርፋል። በማግሥቱ እንደገና ይጠመዳል። የኳስም ነገር እንደዚሁ ነው።

ከጠንካራ ቡድን ጋር የተጋጠመች ልጅ ፍጥነትን ታያለች። ኳስ እንዴት ከእጅ ወደ እጅ እንደሚሄድ ታያለች። በሠፈሯ «እኔ ጎበዝ ነኝ» ስትል የነበረችው ልክዋን ታውቃለች። ይህ ጥቅም ነው። ነገር ግን ኳሱ እጇን ሳይነካ ጨዋታው ካለቀ የተማረችው ነገር ምንድን ነው? መሮጥና ማፈር ብቻ ነው። በዚህ ላይ በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ሰው ሁሉ ከሳቀባት፣ ሁለተኛ ሜዳ አትወጣም።

ደግሞም ደካማ ቡድን የሚደክምበትን ምክንያት መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዷ ልጅ ከትምህርት በኋላ ሁለት ሰዓት ትለማመዳለች። ሌላዋ ያንን ሁለት ሰዓት ውኃ ስትቀዳና እህል ስትፈጭ ትውላለች። ሁለቱ ቢገናኙ ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። በአሜሪካ አገርም የኮሌጅ ሴቶች ጨዋታ የተስፋፋው ሴቶቹ ስለተሸነፉ አይደለም። በሰኔ 1964 ዓ.ም. በመንግሥት ገንዘብ የሚረዳ ትምህርት ቤት ወንድና ሴትን እንዳያበላልጥ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለሴቶች አሠልጣኝ፣ ሜዳና የመማሪያ ገንዘብ እየተገኘ ሄደ። እንግዲህ ጊዜ ሳንሰጣት፣ ኳስ ሳንገዛላት፣ «ሽንፈት ያስተምርሻል» ብንላት ማፌዝ ይሆናል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፤ ግጥሚያው ይመጣጠን። ከሚበልጥ ቡድን ጋር አንድ ጊዜ የተጋጠመ፣ ከእኩያው ጋር ደግሞ ደጋግሞ ይጋጠም። ሁልጊዜ መሸነፍ ልብን ይሰብራል። ሁልጊዜ ማሸነፍም ያሰንፋል።

ሁለተኛ፤ አሸናፊው ልኩን ይወቅ። ልዩነቱ በጣም ከሰፋ ጠንካራው ቡድን ተቀያሪዎቹን ያስገባ። ይህ ለእሱም ይጠቅመዋል፤ ተቀያሪዎቹ ይለማመዳሉ። ሆን ብሎ መሳትና መቀለድ ግን አይገባም። እሱ ከብዙ ነጥብ ይልቅ ያዋርዳል።

ሦስተኛ፤ ከጨዋታው በኋላ ንግግር ይኑር። ስድብ ሳይሆን ንግግር። «ኳሱ የት ቦታ ተቀማን? ለምን ተቀማን?» ይባል። ከዚያ ያው ነገር በሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ይደረግበት። የኢማኩላታ ልጆች ያንን የ32 ነጥብ ሽንፈት እንደተሸከሙ ዝም ብለው ቢቀመጡ ኖሮ በሁለት ሳምንት አይለወጥም ነበር።

አራተኛ፤ ይጻፍ። እዚህ ላይ እናንተ አላችሁበት። ትናንት ፊደል ቆጠራችሁ፤ ዛሬ ታነባላችሁ፤ ትጽፋላችሁ። ልጆቹ ሲጫወቱ አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ደብተርና እርሳስ ይዞ ዳር ይቀመጥ። በየክፍሉ የገባውን ነጥብ ይጻፍ። ያንን የ50 ለ 10 ጨዋታ እንደ ምሳሌ እንውሰድ፦

አንደኛው ክፍል 14 ለ 0
ሁለተኛው ክፍል 12 ለ 2
ሦስተኛው ክፍል 12 ለ 3
አራተኛው ክፍል 12 ለ 5
ድምር 50 ለ 10

ድምሩን ብቻ የሰማ ሰው «አለቀላቸው» ይላል። ደብተሩን ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ልዩነቱ ከ14 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 9፣ ከ9 ወደ 7 ወርዷል። ልጆቹ እየተጫወቱ እየተማሩ ነበር ማለት ነው። ግን ጸሐፊው ጠንቃቃ ይሁን። ጠንካራው ቡድን በመጨረሻ ተቀያሪ አስገብቶ እንደሆነ ያንንም ይጻፍ። አለበለዚያ ደብተሩ ራሳችንን መሸንገያ ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲገናኙ አዲሱ ቁጥር ከአሮጌው ጋር ይተያይ። እውነቱ እዚያ ይገኛል።

አምስተኛ፤ ጊዜ ይሰጣቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ውኃውን ወንድምየው ይቅዳ። ይህ ለቤተሰቡ ትንሽ ነገር ነው። ለልጅቱ ግን ትልቅ ነው።

እናቶችና አባቶች፤

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ግን ዶሮዋ ታቅፋ ካሞቀችው ነው። ሜዳ ላይ ተጥሎ የቀረ እንቁላል ይገማል እንጂ እግር አያወጣም። ስለዚህ ልጅቱ ተሸንፋ አንገቷን ደፍታ ደጃፍ ላይ ስትቆም፣ «አዋረድሽን» አንበላት። «ደግ ነው፤ ያስተምርሻል» ብለንም አንተዋት። «ግቢ፤ እራትሽን ብዪ። ኳሱን የቀሙሽ እንዴት አድርገው ነው? እስቲ አሳዪኝ» እንበላት። ሽንፈቱ ትምህርት መሆን የሚጀምረው ያኔ ነው።

 ቀሪውን እናንተ ተነጋገሩበት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሁለቱ የ4 ለ 0 ሽንፈቶች በስንት ዓ.ም. ነበሩ? ኢትዮጵያ ዋንጫውን የወሰደችውስ መቼ ነው?

2. ኢማኩላታ በመጀመሪያ በስንት ነጥብ ተሸነፈ? በኋላስ በስንት ነጥብ አሸነፈ? ቀንሳችሁ ጻፉ።

3. ወይፈን ስትገሩ የምታደርጉትን በአማርኛ ወይም በኽምጣኛ ተናገሩ። ልጅን ከማስተማር ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?

4. በቤታችሁ ያለች ልጅ በሳምንት ስንት ሰዓት ለራሷ አላት? ቆጥራችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።